ጠጅ በቤት መጣልና በጠርሙስ ማሸግ፦ ስለ ሙቀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከጎረቤት፣ ከዘመድና ውጭ አገር ካሉ ወዳጆች የሚመጡልኝ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያስቸግረው እሄዳለሁ።

ምን ያህል ማር በምን ያህል ውሃ ይበረዛል?

የተለመደው አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ነው፤ ቀለል ያለ የሚወድ እስከ አምስት እጅ ውሃ ያቀጥነዋል። ሰው የሚሳሳተው «እጅ» የሚባለው በመስፈሪያ ይሁን በሚዛን ሳይለይ ሲቀር ነው። ማር ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ሊትር ማር በሦስት ሊትር ውሃ የተበረዘበት ጠጅና አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውሃ የተበረዘበት ጠጅ አንድ አይደሉም። እርሾው ስኳሩን ሁሉ ቢጨርሰው የመጀመሪያው ወደ 14 በመቶ አልኮል ይጠጋል፤ ሁለተኛው ከ10 እስከ 11 በመቶ ላይ ይቆማል።

በጠርሙስ ለማሸግ ያሰበ ሰው በሁለተኛው ይጀምር። የወፈረው ብርዝ እርሾውን ያደክመዋል፤ ደክሞ የቆመ እርሾ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ሲሞቀው ይነቃል። የዚህን መዘዝ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ገሾው መቼ ይገባል?

ለጠጅ የሚሆነው እንጨቱ ነው፤ ቅጠሉ የጠላ ነው። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ተከድኖ ይቆያል፤ ከዚያ ከላይ የሰፈፈው ሰም ይገፈፋል፤ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ገሾው በእሱ ይቀቀልና ቀዝቅዞ ይመለሳል። እኔ ለአንድ ኪሎ ማር አንድ እፍኝ የተፈለጠ እንጨት አደርጋለሁ። ሳይቀዘቅዝ ከተመለሰ የጀመረውን እርሾ ይገድለዋል፤ እርሾ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ብዙ አይቆይም። ጣታችሁን ከትታችሁ «ለብ ብሏል» ካላችሁ ገና ነው። ከጋኑ ጋር እኩል እስኪሆን ጠብቁ።

ጠጅ በስንት ዲግሪ ቢፈላ ይሻላል?

ከ18 እስከ 22 ዲግሪ። ከዚህ ሁሉ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ይህን ይያዝ። ጠጁ ሲበላሽ ማሩን እናማለን፣ ገሾውን እናማለን፣ የጣለችውን ሴት እናማለን፤ ቤቱ ስንት ዲግሪ እንደነበረ ግን ማንም አይጠይቅም። እናቶቻችን ቴርሞሜትር ባይኖራቸውም ነገሩን ያውቁት ነበር፤ ገሾው ከገባ በኋላ በቆላ አምስት ቀን የሚበቃው ጠጅ በደጋ አሥራ አምስትና ሃያ ቀን እንደሚፈልግ የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

ሙቀቱ ከ27 እና 28 ዲግሪ ሲያልፍ እርሾው ይቸኩላል። ሲቸኩል ከተለመደው አልኮል ሌላ ከበድ ያሉ የአልኮል ዓይነቶችን ያወጣል፤ ጉሮሮ የሚያቃጥለው፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስለው ሽታም ያኔ ይመጣል። ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ አብዛኛው እርሾ ይተኛል፤ እሱ ሲተኛ ሌሎች ጥቃቅን ተሕዋስያን ቦታውን ይይዛሉ።

ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ናቸው። እርሾው የሚራባውና የጠጁን ጠረን የሚወስነው ያኔ ነው። ሥራ ያለበት ሰው በእነዚያ ቀናት ጠዋትና ማታ ይይ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ ቢል ጠጁ ሥራውን እንዲጨርስ ይረዳዋል እንጂ አይጎዳውም።

የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ከሆነ ጠጁም 20 ነው ማለት ነው?

አይደለም። እርሾ ስኳር ሲበላ ሙቀት ያወጣል። አፍላው ላይ ሃያ ሊትር ጠጅ ከክፍሉ አየር ከሦስት እስከ አምስት ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 24 ሲል ውስጡ 28 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ከዕቃው ጎን ለጥፉና በታጠፈ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ጨርቁ የክፍሉን አየር ስለሚከልልለት የጠጁን ሙቀት ያነባል። ትንሽ ማሰሮ በተቃራኒው ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል። የሦስት ሊትር ሙከራ ተበላሽቶበት የሃያው ሊትር ያማረለት ሰው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ነኝ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ምን ላድርግ?

የአዲስ አበባ ችግር ቀንና ሌሊቱ አለመስማማታቸው ነው። ቀን ፀሐይ ያለበት ክፍል ከ20 ዲግሪ ይዘላል፤ ሌሊት የደጁ አየር ከ10 በታች ይወርዳል። ጋኑን በጋቢ መጠቅለል ጥሩ ነው፤ ግን ጋቢ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አዲስ አይሰጥም። ከእሱ የሚሻለው ጠጁ ያለበትን ጀሪካን ወይም ባልዲ ሰፋ ባለ ሳፋ ውስጥ አቁሞ እስከ ወገቡ ውሃ መሙላት ነው። ውሃ ቶሎ ስለማይሞቅና ቶሎ ስለማይበርድ የቀኑን ከሌሊቱ ያስታርቀዋል። ማታ ማታ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ሳፋው ላይ መጨመር እስከ ንጋት ያደርሳል።

ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት። ሌላው ምክር ቢረሳ ይህ አይረሳ፤ ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ የሚመጠው ወለሉ ነው። ሁለት ጣውላ ከሥሩ ማንጠፍ ይበቃል።

ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ላለ ሰውስ?

ሳፋው እዚያም ያገለግላል፤ በሙቅ ውሃው ፈንታ ውሃ ሞልታችሁ በረዶ ያደረጋችኋቸውን ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ጠዋትና ማታ እየቀያየራችሁ ሳፋው ውስጥ ማድረግ ነው። ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ማቆምም ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል። የሸክላ ጋን ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ሸክላው ውሃ ያዣል፣ ያዣው ውሃ ሲተን ጋኑን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ወበቅ ከሆነ ግን ውሃው ስለማይተን ከእርጥብ ጨርቅም ከሸክላም ብዙ አትጠብቁ።

ከዐረብ አገር ለሚጠይቁኝም መልስ አለኝ፤ ግን ስለ ሙቀት አይደለም። በሳዑዲ ዐረቢያና በኩዌት በቤት መጠጥ መጥመቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ መዘዙም ከባድ ነው። እዚያ ላላችሁ ብርዝ ጠጡ እላለሁ።

ማቀዝቀዣና የሙቀት መቆጣጠሪያ መግዛት ያዋጣል?

በዓመት ሁለት ጊዜ ለበዓል ለሚጥል ሰው አያዋጣም፤ ሳፋው ይበቃዋል። በየወሩ ለሚጥል ግን አሮጌ ማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ አንድ ላይ ትልቅ ዕረፍት ናቸው። መቆጣጠሪያው በሶኬቱና በማቀዝቀዣው መካከል ይገባል፤ የሽቦው ጫፍ ከጠጁ ዕቃ ጎን ይለጠፋል፤ 20 ላይ ከተሞላ ሲያልፍ ያበራል፣ ሲደርስ ያጠፋል። የሽቦውን ጫፍ በአየር ላይ ማንጠልጠል የተለመደ ስሕተት ነው። እንዲህ ሲሆን መቆጣጠሪያው የሚለካው አየሩን ነው፤ ጠጁ በበኩሉ መሞቁን ይቀጥላል።

መብራት ሲጠፋ መደንገጥ አያስፈልግም፤ በሩን አለመክፈት ብቻ ነው። ሃያ ሊትር ፈሳሽ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በጥቂት ሰዓት ያን ያህል አይለወጥም።

እርሾ ልጨምር ወይስ በራሱ ይፍላ?

ጥሬ ማር ከነሰፈፉ ካገኛችሁ በራሱ ይፍላ። እርሾው ማሩ ላይም ገሾው ላይም አለ፤ በማሩ ውስጥ የቀረው የአበባ ዱቄትም ይመግበዋል። ውጭ አገር በብልቃጥ የሚሸጠው የተጣራና የጋለ ማር ግን ባዶ ስኳር ነው ማለት ይቻላል፤ ለእሱ የወይን ጠጅ እርሾና የእርሾ ምግብ ያስፈልጋል። ያለ ምግብ የሚሠራ እርሾ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያወጣል። «ማሩ ሞቶ ነው» እያሉ የደፉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ማሩ ደህና ነበር።

እርሾ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የሚሠራበትን ሙቀት አንብቡ። ለምሳሌ ላልቪን ኢሲ-1118 የሚባለው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ይሠራል፤ እስከ 18 በመቶ አልኮልም ይችላል። ጠንካራ ነው፤ ግን ጣፋጩን ሁሉ ጠርጎ በልቶ ደረቅ ጠጅ ያስቀራል። የዳቦ እርሾም ያፈላል፤ የዳቦ ጠረኑን አልወደውም እንጂ።

መፍላቱን አቆመ፤ ገና ግን ይጣፍጣል። ምን ሆነ?

ከአሥሩ ስምንቱ በርዶት ነው። ወደ 21 ዲግሪ ቀስ አድርጋችሁ አምጡት፤ ምድጃ አጠገብ በአንድ ጊዜ አታድርጉት። ከሥር የተኛውን አምቡላ በንጹሕ ማማሰያ ቀስ ብላችሁ አንሡት፤ አምቡላው ውስጥ ያለው እርሾ ተኝቶ ነው እንጂ ሞተ አትበሉ። በሁለት ቀን ውስጥ አረፋ ካልታየ ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ላይ እርሾ በጥብጡ፤ ከጠጁ በየሩብ ሰዓቱ በማንኪያ እየጨመራችሁ አለማምዱትና መልሱት። ደረቁን እርሾ ዘጠኝ በመቶ አልኮል ላይ በቀጥታ መበተን ሳያዋኙ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

ጠርሙስ ውስጥ ለመግባት መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ትክክለኛው መንገድ ሃይድሮሜትር ነው፤ ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ የሚያሳይ የመስታወት ዘንግ። አንድ ኪሎ በሦስት ሊትር የተበረዘው ጠጅ ሲጀምር 1.080 ገደማ ያነባል። ሲያልቅ 1.000 ወይም ትንሽ ዝቅ ይላል። የሁለቱ ልዩነት በ131 ሲባዛ አልኮሉን በመቶኛ ይሰጣል፤ እዚህ ላይ 10.5 ገደማ። በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ፣ ያም በ20 ዲግሪ ከሆነ፣ ደርሷል።

መለኪያው ከሌለ ማድረግ የሚቻለው ጠጁን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት አቆይቶ መጠበቅ ነው። አረፋ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ጠርሙሱ ለምን ይፈነዳል?

ጠጁ ሳያልቅ ስለታሸገ ነው። ነገሩን የተማርኩት በኩሽናዬ ነው። ለገና ብዬ በኅዳር የጣልኩት ጠጅ በታኅሣሥ ጸጥ አለ፤ ጠራ፤ ቀምሼም ወደድኩት። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሞልቼ ቆርኪ መትቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደርኩ። ያን ሰሞን ክፍሉ 13 ዲግሪ ነበር። ለጥምቀት እንግዳ ስለሚመጣ ጠርሙሶቹን ወደ ኩሽና አዛወርኩ፤ በከተራ ዕለት ድፎው ሲጋገር ሦስቱ ተከታትለው ፈነዱ። ስብርባሪው ከጣሪያው ላይ ተገኘ። ማንም ባለመጎዳቱ እስከ ዛሬ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ጠጁ አላለቀም ነበር፤ ብርዱ አስተኝቶት ነበር። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ ሃይድሮሜትሩ 1.010 ላይ ሳለ የታሸገ ጠጅ ቀሪውን ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ቢጨርሰው የሚያወጣው ጋዝ ቢራ ውስጥ ካለው እጥፍ ይሆናል። የቢራ ጠርሙስ ለዚያ አልተሠራም። እንግዲህ የቀዘቀዘን ጠጅ ማመን አይገባም፤ ከማሸጋችሁ በፊት አሙቁትና ምን እንደሚል ስሙት።

ምን ዓይነት ጠርሙስ ልጠቀም?

አረፋ ለሚኖረው ጠጅ የቢራ ወይም የአምቦ ውሃ ጠርሙስ፤ ለጋዝ የተሠሩ ናቸው። የአረቄ፣ የውስኪና የተራ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ጋዝ አይችሉም፤ አራት ማዕዘኖቹ ደግሞ ከሁሉም ይደክማሉ። አፉ የተሸረፈውን ጣሉት። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ የቀረው ጠብታ ጠጁን የሆስፒታል ሽታ ይሰጠዋል። ግራዋና ወይራ ለጋኑ ነው፤ ጠርሙስ በወይራ አይታጠንም። ስትሞሉ ከአፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር አጉድሉ፤ ቱቦውን እስከ ጠርሙሱ ሥር አውርዱት፤ ከላይ እየተንዶለዶለ የሚገባ ጠጅ አየር ይዞ ይገባል፤ አየር ደግሞ የኮምጣጤ እናት ነው።

ከመስታወቶቹ ጋር አንድ የለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስም ሙሉ። በየቀኑ ጨመቅ ስታደርጉት ውስጥ ያለውን ግፊት ይነግራችኋል። እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ሁሉንም ወደ ማቀዝቀዣ።

እንደ ቢራ አረፋ እንዲኖረው ምን ያህል ስኳር ይጨመራል?

በትክክል ላለቀ ጠጅ በሊትር 6 ግራም ስኳር፤ ለሃያ ሊትር 120 ግራም። በጥቂት ውሃ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ከጠቅላላው ጋር አዋሕዱት እንጂ በየጠርሙሱ በማንኪያ አትስፈሩ፤ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይፈነዳል። ከዚያ ጠርሙሶቹ በ20 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንት ይቆማሉ። በብርድ ካቆማችኋቸው ወር ይፈጃሉ፤ ሰው ያኔ ነው «ስኳሩ አነሰ» ብሎ ሌላ የሚጨምረው።

ሙቀት እዚህም ሌላ ሚና አለው። ፈሳሽ በቀዘቀዘ መጠን ብዙ ጋዝ ይይዛል። በ20 ዲግሪ የቆመ ጠጅ ውስጥ ከመፍላቱ የቀረ ጥቂት ጋዝ አለ፤ በ10 ዲግሪ ከፈላና እዚያው ከቆመ ደግሞ በግማሽ ገደማ የሚበልጥ። ስለዚህ ሁልጊዜ በብርድ የቆየውን ጠጅ ስኳሩን ወደ 4 ግራም አውርዱለት።

ለስላሳ ጠጅ ጣፋጭነቱን እንደያዘ ማሸግ ይቻላል?

ብዙ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ አስቸጋሪውም እሱ ነው። ጠጅ ቤት ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ እያለ የሚሸጠው ጠጅ ሕያው ነው። የዛሬው ለስላሳ የሚቀጥለው ሳምንት መካከለኛ ነው። በብርሌ ተቀድቶ ስለሚጠጣ ችግር የለበትም፤ ጠርሙስ ውስጥ ግን ያው ለስላሳነት ባሩድ ነው።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። እኔ የማደርገው ጠጁን እስከ መጨረሻ አድርቄ ማሸግና ስቀዳ ጥቂት ብርዝ መቀላቀል ነው። ሁለተኛው ማፈል ነው፤ ጋዝ የሌለው ጠጅ ክዳኑ ሳይገጠም፣ ጠርሙሱ ድስት ውሃ ውስጥ ቆሞ በ65 ዲግሪ ሃያ ደቂቃ፤ ከዚያ ወዲያው መክደን። እርሾው ይሞታል፤ የማሩም መዓዛ ትንሽ አብሮ ይሞታል። ጋዝ ያለበትንና ክዳኑ የተመታ ጠርሙስ ፈጽሞ አታሙቁ። ሦስተኛው ፖታሺየም ሶርቤትና ሜታባይሰልፋይት ነው፤ እርሾ እንዳይራባ ይከለክላሉ እንጂ የሚፈላውን አያስቆሙም፤ ስለዚህ የሚገቡት ጠጁ ከጠራና ከአምቡላው ከተለየ በኋላ፣ ማሸጊያቸው ላይ በተጻፈው መጠን ነው።

ማቀዝቀዣን እንደ አራተኛ መንገድ የሚቆጥሩ አሉ። በ3 ዲግሪ እርሾው ይተኛል፤ መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ይነሣል።

የራስ ምታቱስ? «ጠጅ ያሳውራል» የሚሉም አሉ።

የሚያሳውረው ሜታኖል የሚመጣው በዋናነት ከፍራፍሬ ልጣጭና ከመሰል ነገር ነው፤ ማር ውስጥ ይህ የለም ማለት ይቻላል፤ ጠጅም እንደ አረቄ ስለማይወጣ ያለው አይጠራቀምም። ራስ ምታቱ ግን እውነት ነው። ከ28 ዲግሪ በላይ የፈላ ጠጅ ጠዋት ላይ ራሱን ያስታውሳል። የቀረው ጥፋት የጠጪው ነው፤ አሥር በመቶ አልኮል ያለውን መጠጥ እንደ ቢራ በብርሌ ላይ ብርሌ የሚደረድር ሰው ማሩን አይማ።

የቤት ቢራና ጠላም በዚህ ደንብ ይገዛሉ?

ቢራ አዎ። እንደ ጠጅ እርሾ ላይ ላዩን የሚሠራው ዓይነት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ፣ ላገር የሚባለው ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ይፈልጋል። ጠላን ጠርሙስ ውስጥ አታሽጉ፤ ከነጉሹ የሚኖር መጠጥ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይጠጣ።

አሜሪካ ውስጥ መጣል ሕጋዊ ነው? ከአዲስ አበባስ ይዤ መሄድ እችላለሁ?

የፌዴራሉ ሕግ ለቤት ፍጆታ ይፈቅዳል። ጠጅ እንደ ወይን ጠጅ ይቆጠራል፤ አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት 200 ጋሎን፤ ይህም 757 ሊትር ገደማ ነው። መሸጥ አይቻልም። ግዛቶች የራሳቸውን ደንብ ስለሚጨምሩ ያላችሁበትን እዩ።

ይዞ ስለ መሄድ፦ በእጅ ሻንጣ አይሆንም፤ በሚጫነው ሻንጣ ግን አልኮሉ ከ24 በመቶ የማይበልጥ መጠጥ በበረራ ደኅንነት ደንብ አይገደብም። የአሜሪካ ጉምሩክ ዕድሜው 21 ለሞላ መንገደኛ አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ያስገባል። ሰው የሚፈራው የአውሮፕላኑን ከፍታ ነው፤ ነገር ግን የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,355 ሜትር ላይ ናት። ጠርሙሳችሁ ቤታችሁ ያልፈነዳ ከሆነ ሰማይ ላይ የሚለወጥበት ነገር የለም። የሚያስፈራው ከወረደ በኋላ በሐምሌ ሙቀት መኪና ኋላ ሻንጣ ውስጥ የሚቆይበት ሦስት ሰዓት ነው።